የአባቴን ጓደኛ ላክብር ብል ልጁ ተቆጣችኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት። ነገሩ እንቅልፍ ሲነሳኝ አይታ "ለምን አትጽፍላቸውም?" አለችኝ። እንደ ታላቅ እህት ልማከርዎት።

50 ዓመት ሞልቶኛል። የተወለድኩት ሐረር፣ ወታደር ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ የ3ኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነበር። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ መስከረም 1970 ጅጅጋ ስትወድቅ እዚያው ቀረ። ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መልኩን አላስታውሰውም። መቃብርም የለውም። እናቴ እኔን ይዛ አዲስ አበባ ዘመዶቿ ጋ ገባች።

አባቴን ያወቅኩት በአንድ ሰው አፍ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ከአባቴ ጋር አብረው ተቀጥረው፣ አብረው ሠልጥነው፣ በአንድ ሻምበል ውስጥ የነበሩ ጓደኛሞች ናቸው። ጋሼ እዚያው ጅጅጋ ላይ ቆስሎ ተማረከ። ሶማሊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1980 በምርኮኛ ልውውጥ ተመለሰ። ከዚያ ጠያይቆ ቤታችንን አገኘ። እናቴ እርሟን ያወጣችው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ "ባሌም ተማርኮ ይሆናል" እያለች ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ብርቱካን በላስቲክ ይዞ ይመጣል። እናቴ ቡና ታፈላለች። እሱ ስለ አባቴ ያወራኛል። ኳስ እንዴት ይጫወት እንደነበር፣ ለሠርጉ የጋሼን ጫማ ተውሶ እግሩን እንዴት እንደላጠው፣ እኔ ስወለድ ካምፑን ሁሉ እንዴት እንዳስጨነቀ። ስለ ውጊያው ብዙ አያወራም። ስለ እስሩ ጭራሽ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ብዙዎቹ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ኋላ ትንሽ ጡረታ ያገኝ ነበር። ሠርጌ ላይ በአባቴ ቦታ የተቀመጠው እሱ ነው። ልጆቼም አያታችን ነው የሚሉት።

ኅዳር ላይ ሞተ። ቀብሩ ላይ የዕድር ሰዎችና ጎረቤት ናቸው የነበሩት። ባንዲራ የለ፣ ስለ ወታደርነቱ ቃል የተነፈሰ የለ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ "በተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግለዋል" ተብሎ ታለፈ። አንጀቴ አረረ።

ስለዚህ ቆርጬ ተነሳሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ገንዘብ አሰባሰብኩ። በወታደር ልብስ ፎቶው ያለበት፣ "የካራማራው ጀግና" የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሐውልት ላሠራለት አሰብኩ። የካቲት 26፣ በካራማራ ድል ቀን፣ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን ጠርቼ በማርሽ ባንድ ላስመርቀው ነው። በሕይወት እያለ በዚያ ቀን ትግላችን ሐውልት እንሂድ ስለው "አንተ ሂድ፣ እኔን እግሬን ያመኛል" ይለኝ ነበር። አሁን በሞቱ ላክብረው ብዬ ነው።

ለትልቋ ልጁ ነገርኳት። ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ እሷም የካምፕ ልጅ ናት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። "አባታችን ልጅ የለውም ወይ፣ በመዋጮ የሚቀበር? ወታደርነቱ ለእኛ ምን አተረፈልን? ሌሊት ሌሊት እየጮኸ ሲነሳ አንተ የት ነበርክ? ተወን በቃ" አለችኝ። ከዚያ ብሳ ፎቶውን መልስ አለች። ፎቶው ሐረር ፎቶ ቤት ውስጥ አባቴና ጋሼ ተቃቅፈው የተነሱት ነው። አባቴ የሚስቅበት ያለኝ ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ጋሼ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በእጄ ነው የሰጠኝ።

እናቴን ስጠይቃት "ተዋቸው ልጄ" ብላ ዝም አለች። ዝም ብል ውለታ በላ እሆናለሁ። ብገፋበት ሐዘንተኛ ላይ ሌላ ሐዘን እጨምራለሁ። ምን ላድርግ?

ውለታው ያለብኝ፣ ከአዲስ አበባ


መልስ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። እናትህንም እግዜር ያጽናሽ በልልኝ። ለእሷም ቢሆን የሞተባት የሩቅ ሰው አይደለም።

ኅዳር ላይ የቀበርከው አንድ ሰው ብቻ አይመስለኝም። አባትህ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ አላለቀስክም። እናትህ እርሟን ስታወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆንህ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ እናቱ ስታለቅስ ፈዞ ያያታል እንጂ አብሮ አያለቅስም። ጋሼ ሲሞት ግን ስለ አባትህ የሚያወራልህ አፍ ተዘጋ። ሐዘንህ ቢከብድ፣ አንድ ነገር ካላደረግኩ እያልክ ብትጣደፍ አይገርመኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጠው። ደብዳቤህ መግቢያ ላይ ስለ አባትህ "መቃብርም የለውም" ብለሃል። ዝቅ ብለህ ደግሞ የጋሼን ሐውልት እብነ በረዱን፣ ፎቶውን፣ ጽሑፉን ሳይቀር አስበህ ጨርሰሃል። ያ ድንጋይ የማን ነው? የጋሼ ብቻ ነው? ወይስ አባትህም አብሮ ገብቶበታል? ቢገባበት ነውር የለውም። ካልለየኸው ግን ከልጅቷ ጋር ስለ እሷ አባት የምትነጋገር እየመሰለህ ስለራስህ አባት ትሟገታለህ። እሷ ደግሞ ያ መቼ ገብቷት!

አሁን ወደ እሷ ልምጣ። ቃሏ መራራ ነው፤ አልክድም። ግን እስቲ ዕድሜዋን አስላው። አባቷ ወጥቶ ሲቀር አራት ዓመቷ ነው። ሲመለስ የአሥራ አምስት ዓመት ኮረዳ ናት። አንድ የከሳ፣ የማታውቀው ሰው ቤት ገባና "አባትሽ ነው" ተባለች። አንተ ጋ በዓመት አንዴ ብርቱካን ይዞ የሚመጣው ሰው፣ እሷ ጋ ሌሊት እየጮኸ የሚነሳው ሰው ነው። ሁለቱም እውነተኛው ጋሼ ናቸው። ለአንተ ማውራት ይቀለው ነበር። የአባትህን ወሬ ያቀብላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ለልጁ የጎደለባትን አሥራ አንድ ዓመት ግን በየትኛው ወሬ ይሙላላት? ከጦርነትና ከእስር ተመልሰው ቤታቸው ውስጥ ዝም ብለው የኖሩ ብዙ አባቶች አሉ። ልጆቻቸውን ስለማይወዱ አይደለም። ጎረቤት ጋ ሲስቁ የሚሰማ ልጅ ግን ይህን እንዴት ይወቅ?

ስለዚህ "አንተ የት ነበርክ?" ስትልህ ስለ ሌሊቱ ጩኸት ብቻ የጠየቀችህ አይመስለኝም። አባቷ አንተ ቤት ሲገባ ፊቱ እንደሚፈታ ሳታውቅ አትቀርም። ትንሽ ቅናት ቢኖርበት አትፍረድባት።

የመዋጮውንም ነገር ተመልከተው። በክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ። ግን አገሩን ታውቀዋለህ። ለአንድ ሰው መቃብር ከውጭ ሰው ገንዘብ ሲሰበሰብ "ልጆቹ አቅቷቸው ነው" ይባላል። እሷ ደግሞ የሰማችው ገንዘቡ ከተሰበሰበ፣ ጽሑፉ ከተመረጠ፣ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይከፋኝ ነበር።

የቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪክ እንዳሳዘነህ ይገባኛል። "በተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች" የሚለው ነገር ያቃጥላል። ግን ከመናደድህ በፊት ዘመኑን አስብ። ከ1983 በኋላ "የደርግ ወታደር" መባል ጣት የሚያስቀስርበት፣ ሥራ የሚያሳጣበት ጊዜ ነበር። ለአገሩ ድንበር የተዋጋውም፣ ሌላ ነገር ውስጥ የነበረውም በአንድ ስም ተጠርቶ ተበተነ። የደንብ ልብሱን አቃጥሎ፣ ፎቶውን ቀብሮ የኖረ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጆቹ ወታደርነቱን ያላነሱት ንቀውት ላይሆን ይችላል። ያኔ አባታቸውን ለመከላከል ለምደውት የቀረ ዝምታ ሊሆን ይችላል። ይህንን አንተም አልጠየቅክም፣ እነሱም አልነገሩህም።

ከሁሉ በላይ የቆምኩበት ግን "የካራማራው ጀግና" የሚለው ጽሑፍ ነው። እስቲ የራስህን ደብዳቤ መልሰህ አንብበው። ጋሼ የተማረከው መስከረም 1970 ነው። ያ ጊዜ ጅጅጋን ይጠብቅ የነበረው ጦር ተሰብሮ ወደ ሐረር አቅጣጫ ያፈገፈገበት ነው። የካራማራ በርም ያኔ ነው በሶማሊያ ጦር እጅ የገባው። በየዓመቱ የምናከብረው ድል የመጣው ከአምስት ወር በኋላ፣ የካቲት 26 ነው። በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያም፣ የኩባ ወታደሮችም ደርሰው፣ ጅጅጋ የተመለሰችው ያን ቀን ነው። ሕዝቡ እልል ሲል አባትህ ሞቷል። ጋሼ ደግሞ ቁስሉን ይዞ ሶማሊያ ታስሯል። ድሉን መቼ እንደሰማው እንኳን አናውቅም።

አንተ ቤት የሚመጣው በመስከረም ነው። የካቲት 26 ግን "እግሬን ያመኛል"። እውነት እግሩን አሞት ሊሆን ይችላል፤ ቆስሎ የለ! እኔ ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል። የእሱ ቀን የካቲት 26 አልነበረም። የእሱ ቀን ያ መጥፎው መስከረም ነው። ጓደኛውን ያጣበት፣ እጁን የተያዘበት። ለዚያ ቀን ሐውልት የለውም፣ ማርሽ የለውም፣ የሚጋብዘው የለም። ስለዚህ ብርቱካኑን ገዝቶ እናንተ ቤት ይመጣል። ሲያስበው የኖረው እንደዚያ ነው።

ታዲያ በሕይወቱ አንድም ቀን "የካራማራ ጀግና ነኝ" ያላለን ሰው፣ ሞቶ መመለስ በማይችልበት ሰዓት ድንጋይ ላይ እንዲህ ብለን ብንጽፍበት ያከበርነው ማንን ነው? ሕዝብ የሚያውቀውን ስም ሰጠነው እንጂ የእሱን አልጻፍንም። እዚያ ጫካ የነበረ አንድ የቀድሞ ወታደር ለምረቃው መጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ቢጠይቅህስ?

የእሱ ታሪክ ሳይቀባባ ይበቃዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ምርኮ ቀልድ አይደለም። በእኛ ዘንድ ምርኮኛ መሆን እንደ ውርደት ስለሚታይ ነው ሰዎቹ የሚደብቁት። ግን የአየር ኃይሉን አብራሪ ለገሠ ተፈራን አስታውስ። ስንት የጠላት አውሮፕላን ከጣለ በኋላ ተማርኮ እንደ ጋሼ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ታስሯል። ሲመለስ አገሪቱ የነበራትን ከፍተኛውን የጀግና ሜዳይ ነው የተሸለመው። መማረኩ ከጀግንነቱ ምንም አልቀነሰበትም። ለአንድ ተራ ወታደርም እንደዚያው ነው። በድንጋዩ ላይ መጻፍ ካለበት "መስከረም 1970 ጅጅጋ ላይ ቆስለው ተማረኩ፤ በ1980 ወደ አገራቸው ተመለሱ" ቢባል እኔ ከየትኛውም የፉከራ ቃል አስበልጠዋለሁ። ግን ይህን የሚወስኑት ልጆቹና ሚስቱ ናቸው። "አባታችን ምርኮኛ ተብሎ አይጻፍ" ካሉ እሱም መብታቸው ነው። ስምና የክርስትና ስም፣ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን ብቻ ያለበት መቃብርም መቃብር ነው።

የማርሽ ባንዱን በተመለከተ ሐሳቤን ሳልደብቅ ልንገርህ፦ አልወደድኩትም። በሕልሙ እየጮኸ ሲነሳ በኖረ ሰው መቃብር ላይ ከበሮ ሲደበደብ ሚስቱን አሰብኳት። ምናልባት እሷ ትፈልገው ይሆናል፤ አላውቅም። ጠይቃት ብቻ።

እንግዲህ ምን ታድርግ? መጀመሪያ ቀኑን ልቀቀው። የካቲት 26 ላይ ምንም አይመረቅ። የሰማንያው ተዝካር የቤተሰቡ ነው፤ ከጠሩህ ሂድና እንደማንኛውም ዘመድ ድንኳን ትከል፣ ወንበር አመላልስ፣ ውኃ ቅዳ። ሐውልት አብዛኛው ሰው የሚያቆመው ለሙት ዓመት ነው። እስከዚያ ብዙ ጊዜ አለ፤ የሚያጣድፍህ ሐዘንህ እንጂ ቀኑ አይደለም። ደግሞም የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ሐውልት ማቆም ይፈቅድ እንደሆነ፣ ልኩ ምን ያህል እንደሆነ ሳይጠየቅ ድንጋይ ማዘዝ ትርፉ ኪሳራ ነው። አሁን አሁን በቦታ ጥበት ብዙ ደብሮች ጥብቅ ሆነዋል።

ከዚያ ፎቶውን። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ይመስለኛል። ጥሩ ፎቶ ቤት ውሰደውና በደንብ አስነስተህ አባዛው። ከዚያ ዋናውን ለእሷ ስጥ። አዎ፣ ዋናውን። እንደሚያምህ ይገባኛል። ጋሼ በእጁ የሰጠህ ነው፤ ብትይዘው ማንም ሌባ አይልህም። ግን አንተ የምትፈልገው የአባትህን ሳቅ ነው፤ እሱ በቅጂውም ይታያል። እሷ የምትፈልገው ደግሞ አባቷ የነካውን ነገር፣ ለአንተ ሰጥቶ ለእሷ ያልሰጣትን ነገር ነው። ያ ቅጂ የለውም። ዋናውን መስጠት በጭራሽ ካቃተህ ቢያንስ በክፈፍ አስገብተህ ቅጂውን ውሰድላት፤ ለምን ዋናውን እንደያዝከውም እውነቱን ንገራት፣ "አባቴ የሚስቅበት ሌላ የለኝም" በላት። ይህን ነግረሃት ታውቃለህ? ከደብዳቤህ አይመስልም።

ስትሰጣት ስለ ሐውልቱ ምንም አታንሳ። "ሳላማክርሽ መጀመሬ ልክ አልነበረም። አባትሽ ናቸው፤ የሚሆነውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔ ግን ስለ እሳቸው የማውቀው ነገር አለ፤ መስማት በፈለግሽ ቀን እነግርሻለሁ" በላት። በቃ። ቡና ቢቀርብልህ ጠጣ፤ ካልቀረበልህም ሂድ። እሷ መልስ መስጠት የለባትም።

"የማውቀው ነገር" ያልኩህን አታቅልለው። የጫማውን ታሪክ እሷ ሰምታው ታውቃለች? አባቷ በሃያዎቹ ዕድሜ ቀልደኛ፣ ጫማ አዋሽ፣ የጓደኛ ሚዜ እንደነበር የነገራት አለ? አንተ በሰላሳ ምናምን መስከረም የሰማኸው ሁሉ ስለ አባትህ ብቻ እየመሰለህ ነበር። ግማሹ ስለ እሱም ነው። ስለ ጓደኛው ሲያወራ ስለራሱ ወጣትነት እያወራ ነበር። ያ የልጆቹም ንብረት ነው። ማታ ማታ ስልክህን ክፈትና የምታስታውሰውን ሁሉ በድምፅህ ቅዳው። በቅደም ተከተል መሆን የለበትም። አንድ ቀን ሊሰሙት ይፈልጋሉ። ልጆችህም እንደዚያው።

እናትህን ደግሞ ለምን ተውካት? "ተዋቸው ልጄ" ብላ ዝም ማለቷን የጻፍከው እንደ መልስ ነው። እኔ ግን አንድ የሚታወቅ ነገር ሰማሁበት። እናትህና የጋሼ ባለቤት የአንድ ካምፕ ሚስቶች ናቸው። ባሎቻቸው በአንድ ቀን ወጥተው ያልተመለሱ ሁለት ወጣት ሴቶች። አንዷ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ባሏን አገኘች፣ አንዷ እርሟን አወጣች። በሁለቱ መካከል አንተም፣ ልጅቷም የማታውቁት ብዙ ነገር አለ። ምናልባት እናትህ ዝም ያለችው ስለዚያ ነው። ጠይቃት። "ለምን ተዋቸው አልሽኝ?" በላትና አትቸኩልባት። ከፈለገች እሷ ሄዳ ባልቴቷን ትይ። ቤት ውስጥ ያለው ነገር በሽማግሌ ከሚፈታው ይልቅ በሁለት አሮጊቶች ቡና የሚፈታው ይበዛል።

ስለ ባለቤቱ ካነሳን፣ ውለታ መመለስ እያልክ ስትጨነቅ ዓይንህ ውስጥ ያልገባ አንድ ጉዳይ አለ። ጋሼ ጡረታ ያገኝ ነበር ብለሃል። ጡረተኛ ሲሞት ሚስቱ ከጡረታው ግማሹን የማግኘት መብት አላት። በራሱ ጊዜ ግን አይመጣም፤ መጠየቅ አለበት። የወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሞቱን መዝግቦ የምስክር ወረቀት ሊሰጣት ይገባል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ያላስመዘገቡት ከሆነ ነገ ዛሬ አይበሉ። የጋብቻ ማስረጃም ያስፈልጋል። የካምፕ ጋብቻ፣ የዱሮ ጋብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚንገላታው። በሞተው ሰው የባንክ ደብተር የገባውን ጡረታ ዝም ብሎ ማውጣትም ኋላ ጣጣ ያመጣል። ይህን ሁሉ ለመሮጥ የሚችል፣ ቢሮ የሚያውቅ፣ ስልክ የሚደውል ሰው ለአንዲት አሮጊት ትልቅ ነገር ነው። ልጆቹ እየሮጡበት ከሆነ ተዋቸው። ካልሆነ ግን "ወረቀቱን እኔ ልሩጥላችሁ" ብትል ማንም አይከፋውም። የተሰበሰበ ገንዘብ፣ እብነ በረድ፣ ባንድ አያስፈልገውም።

አሁን ይቅርታ ይደረግልኝና ወደ አንተው አባት ልመለስ። ለእሱ ምን አድርገህለት ታውቃለህ? ጸሎተ ፍትሐት? ተዝካር? እናትህ እርሟን ባወጣች ጊዜ የተደረገ ነገር ይኖራል። አንተ ግን አዋቂ ሆነህ በስሙ ያደረግከው ነገር በደብዳቤህ የለም። የካቲት 26 ትግላችን ሐውልት ሂድ፤ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት፣ ጠዋት ላይ። ልጆችህን ይዘህ ሂድ። በዚያ ጦርነት የወደቁት ሁሉ፣ የኩባዎቹም ጭምር፣ እዚያ ይታሰባሉ፤ አባትህም አንዱ ነው። በአባትህ ስም ለመቆም የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም።

ከቻልክ ደግሞ በሚመጣው መስከረም ወደ ተወለድክበት ሐረር ብቅ በል። ከዚያ ጅጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባቢሌ አልፈህ፣ እነዚያን ተደራርበው የቆሙ ድንጋዮች ዳካታ ላይ እያየህ ትሄዳለህ። ጅጅጋ ልትደርስ ስትል መንገዱ ካራማራን ያቋርጣል። የመንገዱን ሰላም ጠይቀህ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂድ። የአባትህን መቃብር አታገኝም። የቆመበትን መሬት ግን ታያለህ። ከሄድክ ለልጅቷም ንገራት። "ልሄድ ነው፤ መምጣት ትፈልጊያለሽ?" ብትላት ምን ትላለች? አላውቅም። አባቷ አራት ዓመቷ ላይ የጠፋባት እዚያ ነው። እምቢ ብትልም መጠየቋን አትጠላው ይሆናል።

የዚያኔም ቢሆን "ተወን" ካለች ተዋት። መቃብሩ የእነሱ ነው። ነፍስ ይማር ለማለት አጥሩ ክፍት ነው፤ በሰንበት ሄደህ ሻማ አብርተህ መምጣት ማንም አይከለክልህም። ውለታ በላ አትባልም። ሠርግህ ላይ በአባትህ ቦታ የተቀመጠው እሱ መሆኑን ልጆችህ ካወቁ፣ ስሙን እየጠሩ ካደጉ፣ ከዚህ በላይ ማን ምን ይጠይቅሃል?

የተሰበሰበውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጠው። ለሰጡህ ሰዎች "ቤተሰቡ እስኪወስን እየጠበቅን ነው" በላቸው፤ መልስልን የሚል ካለም መልስለት። ለልጅቷ ግን ስንት እንደተሰበሰበ አትንገራት፣ ካልጠየቀችህ። እናትህ ወደ ባልቴቷ ስትሄድ ደግሞ አንተ አብረህ አትግባ። ታክሲ ይዘህ አድርሳትና ስትጠራህ ውሰዳት።